ሥፍራን ስለ መልቀቅ

በቋንቋችን አንድ ሰው የቆመበትን ሥፍራ ትቶ ሲሄድ የምንናገርበት ቃል ብዙ ነው። ተሰናበተ፣ ለቀቀ፣ ኰበለለ፣ ሸሸ፣ ከዳ እንላለን። የአምስቱም ሰዎች እግር ቢታይ ሁሉም ከነበሩበት ሄደዋል፤ ልባቸው ሲመረመር ግን አንዱ ምስጉን፣ አንዱ ምስኪን፣ አንዱም ርጉም ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ሰው አደራ የተቀበለበትን ሥፍራ ትቶ ቢሄድ መቼ ነው ነቀፋ የሚገባው? መቼስ ነው ይቅርታ የሚገባው? ደግሞስ ምስጋና የሚገባው ጊዜ አለን?

ብዙ ሰው ሹመትንና ሥራን የሚመለከተው እንደ እንጀራ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን ይህን አሳብ ገልጦ ያሳያል። ሹመት እንጀራ ብቻ ከሆነ፣ የሚበልጥ እንጀራ ሲገኝ የፊተኛውን ጥሎ መሄድ ነውር የለበትም። ሹመት አደራ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። አደራ ተቀባዩ በደከመው ጊዜ መንገድ ዳር የሚያስቀምጠው ሸክም አይደለምና፤ ሰጪው መልሶ እስኪረከበው ድረስ በተቀባዩ ትከሻ ላይ ይኖራል። ወታደርም፣ አስተማሪም፣ ሐኪምም፣ ዳኛም፣ የግምጃ ቤት ጠባቂም አደራ ተቀባዮች ናቸው።

ይህን ነገር በባዶ ቃል ከመመርመር በእውነተኛ ሰው ታሪክ መመርመር ይሻላል። ስለዚህ ሂው ቡስቴድ የተባለውን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኰንን ታሪክ ባጭሩ እንናገራለን። ይህ ሰው ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በባሕር ላይ የጀመረው የጦርነት ኑሮ ከባሕር እጅግ ወደ ራቀው ወደ ጐጃም ደጋ አምጥቶታል። በአዊ ምድር በእንጅባራ በኩል ወደ ቡሬ ሲዘምት ከአዘና ብዙም ሳይርቅ አልፏል። ስለ ውጭ አገር ነገር ስንናገር ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስለ አገራችን ስንናገር ደግሞ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ቡስቴድ በ1895 ዓ.ም. በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ በዚያን ጊዜ ሴይሎን ትባል በነበረችው ደሴት ተወለደ። ገና በልጅነቱ ኦስቦርንና ዳርትመዝ በተባሉት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ትምህርት ቤቶች ገብቶ ተማረ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በዓለም ሁሉ የሚፈራ ስለ ነበረ፣ በእርሱ ውስጥ መኰንን መሆን ለአንድ ወጣት ታላቅ ክብር ነበር። በ1914 ዓ.ም. አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ወጣቱ በደቡብ አፍሪካ ባሕር ሃያሲንት በምትባል የጦር መርከብ ላይ ጀማሪ መኰንን ሆኖ ያገለግል ነበር።

የመርከቢቱ ሥራ ጥበቃ ነበር። ኮኒግስበርግ የምትባል የጀርመን የጦር መርከብ በዛሬዋ ታንዛኒያ በሩፊጂ ወንዝ ውስጥ ገብታ ስለ ተደበቀች፣ እንግሊዞች የወንዙን አፍ ዘግተው ብዙ ወራት ጠበቋት፤ በ1915 ዓ.ም. በመድፍ መትተው አጠፏት። የቀረው ሥራ ከወደብ ወደ ወደብ መዞር፣ የሚያልፈውን ጀልባ መመርመር፣ አድማሱን መመልከት ነው። ይህ ሥራ ታላቅ ጥቅም ነበረው። የባሕሩ መንገድ ባይጠበቅ ወታደርም ስንቅም ወደ ጦሩ ሜዳ በደኅና ሊደርስ አይችልም ነበር። ዳሩ ግን ጥቅሙ ለዓይን አይታይም። በፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ የዕድሜ እኩዮቹ በሺህ እየረገፉ ሳሉ፣ እርሱ በሰላም ባሕር ላይ እየተንሳፈፈ ቀን መቍጠር ለሃያ ዓመት ወጣት ከባድ ሆነበት።

ስለዚህ ቡስቴድ በዚያው በ1915 ዓ.ም. መርከቢቱን ትቶ ኰበለለ። ወዴት ሄደ? ወደ ቤቱ አልሄደም። በጫካ አልተሸሸገም፤ ወደ ጠላትም አልገባም። ወደ ፈረንሳይ ሊዘምት በተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ እግረኛ ብርጌድ ውስጥ ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። መኰንንነቱን፣ ማዕርጉን፣ የልጅነት ትምህርቱን ሁሉ ጥሎ፣ ጠመንጃና አካፋ ተሸክሞ በሰልፍ መጨረሻ ቆመ።

ይህ ብርጌድ በ1916 ዓ.ም. በሶም ጦርነት ዴልቪል በተባለ ጫካ ያየውን መከራ የደቡብ አፍሪካ ሰዎች እስከ ዛሬ አይረሱትም። ከሦስት ሺህ በላይ ሆነው ገቡ። ከስድስት ቀን በኋላ ጫካውን እስከ መጨረሻ ይዘው ከኮሎኔል ታከሪ ጋር የወጡት ከመቶ አምሳ አይሞሉም ነበር። ቡስቴድ ከሞት ተርፎ በኋላ በጦሩ ሜዳ መኰንን ሆነ፤ ሚሊታሪ ክሮስ የተባለውንም የጀግንነት ኒሻን ተሸለመ። ንጉሡ ጆርጅ አምስተኛም ከባሕር ኃይል ስለ መኰብለሉ ምሕረት አደረጉለት።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት አንባቢ «እንግዲያማ ነገሩ አለቀ! ጀግና ነው፤ መርከቢቱን መተዉ ትክክል ነበር» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን አትቸኵሉ። ኒሻን አንድ ሰው በጦር ሜዳ የሠራውን ይመሰክራል እንጂ፣ ወደ ጦር ሜዳ የመጣበትን መንገድ አይመሰክርም። ይህ ሰው በመጀመሪያው ቀን በዴልቪል ጫካ ቢሞት ኖሮ ኒሻንም ምሕረትም ባላገኘ ነበር፤ ስሙም በኰብላዮች መዝገብ ተጽፎ በቀረ ነበር። መርከቢቱን የተወበት ሥራ ግን በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። ፍጻሜው ሲያምር ሥራውን ማመስገን፣ ፍጻሜው ሲከፋ ያንኑ ሥራ መንቀፍ የሕፃን ፍርድ ነው።

ደግሞ ምሕረት የሚሰጠው ለማን እንደ ሆነ እናስተውል። ጥፋት የሌለበት ሰው የሚሻው ፍርድ ነው፤ ነጻ ነህ መባል ይገባዋልና። ምሕረት ግን የሚሰጠው ለጥፋተኛ ነው። ንጉሡ «ጥፋት የለብህም» አላሉም፤ ጥፋቱን ማሩለት እንጂ። ስለዚህ የንጉሡ ምሕረት ራሱ ሕጉን አጸና። መኰብለል ወንጀል መሆኑን ሳያፈርስ፣ በወንጀለኛው ልብ ውስጥ የነበረውን መልካም ነገር አከበረ። ሕግና ምሕረት እንደዚህ ተያይዘው ሲሄዱ መንግሥት ይጸናል። ሕግ ብቻ ቢሆን ሰው ሁሉ በፍርሃት ይደርቃል፤ ምሕረት ብቻ ቢሆን ደግሞ ሰው ሁሉ ዕቃውን ጥሎ ደስ ወዳለው ይሮጣል።

ቡስቴድ የተወውን ሥፍራ ደግሞ እንመልከት። የእርሱ የጥበቃ ሰዓት በደረሰ ጊዜ ሌላ ሰው በፈንታው ቆሟል። ያ ሰው ደክሞት ሊተኛ የነበረ ይሆናል። የዚያ ሰው ስም በታሪክ አልተጻፈም፤ ኒሻንም አልተሸለመም። አንድ ሰው ከሥፍራው በተነሣ ጊዜ ሸክሙ አብሮት አይነሣም፤ በቀረው ላይ ይወድቃል። ስለ ጀግኖች ስንናገር ብዙ ጊዜ የምንረሳው ይህን የቀረውን ሰው ነው።

ታዲያ ቡስቴድን ከፈሪ ኰብላይ ጋር በአንድ ሚዛን እናስቀምጠው? ይህም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሥፍራውን የለቀቀ ሰው ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባዋል። አንደኛው፣ የሄድኸው ከከባድ ወደ ቀላል ነው ወይስ ከቀላል ወደ ከባድ? ሁለተኛው፣ የሄድኸው አደራውን ለሰጠህ ወገን ልትሠራ ነው ወይስ ለሌላ? ሦስተኛው፣ ስለ መሄድህ የሚመጣውን ዕዳ ልትከፍል ተዘጋጅተሃል ወይስ ዕዳውን ለሌላ ጥለኸዋል? ቡስቴድ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሚገባ ይመልሳል። ከመርከብ ክፍል ወደ ጭቃ ምሽግ፣ ከመኰንንነት ወደ ተራ ወታደርነት ወርዷል፤ ያገለገለውም ያንኑ አገሩን ነው። በሦስተኛው ጥያቄ ግን መልሱ ግማሽ ነው። ሕይወቱን ለዕዳው መያዣ አቅርቧል፤ የጥበቃውን ተራ ግን ለሌላ ጥሎ ሄዷል።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለእንግሊዝ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። በራሳችን ታሪክ ብንፈትናቸውም ይሠራሉ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በወረረች ጊዜ፣ በኦጋዴን ግንባር በጣሊያን ጦር ውስጥ የነበሩ ብዙ ኤርትራውያን ወታደሮች ጦሩን ትተው ወደ ኢትዮጵያ ወገን ተሻገሩ። በዚያን ጊዜ ጣሊያን አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ይዛ ትገሰግስ ነበር፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ትሸነፍ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከሚያሸንፈው ወደሚሸነፈው፣ ደመወዝ ካለበት ደመወዝ ወደሌለበት ሄዱ። ለባዕድ ገዢ የገቡት መሐላም ወንበዴ በመንገድ ላይ አስፈራርቶ እንደሚያስምለው መሐላ ነበር። እነዚህን ከዳተኞች የሚላቸው ማነው? ጣሊያን ብቻ!

ከአምስት ዓመት በኋላ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ጣሊያን መፍረስ ስትጀምር ለእርስዋ ያገለግሉ ከነበሩት ባንዶች ብዙዎቹ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ወገን መጡ። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትም ከጣሊያን ጋር ቆይተው፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በለቀቀች ጊዜ ከተማይቱን ለንጉሠ ነገሥቱ አስረከቡ። መመለስ ከአለመመለስ ይሻላል፤ በሩም ሊዘጋባቸው አይገባም ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገቡበት ዕለት ሕዝባቸውን ክፉን በክፉ እንዳይመልስ መክረዋል። ዳሩ ግን ጠላት በበረታበት ቀን የተሻገረና ጠላት በወደቀበት ቀን የተሻገረ ሁለቱም አንድ ወንዝ ቢሻገሩ፣ የፊተኛው በሙላቱ፣ የኋለኛው በበጋው ተሻገረ።

አሁን ወደ ቡስቴድ እንመለስ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ሥራ ሠራ። በ1920 ዓ.ም. በአንትወርፕ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር በዘመናዊ ፔንታትሎን የእንግሊዝ ቡድን አለቃ ነበር። በሱዳን የግመለኛ ጦር አዛዥ ሆነ፤ በ1933 ዓ.ም. የኤቨረስትን ተራራ ሊወጡ ከተነሡት አንዱ ሆነ፤ ከዚያም በዳርፉር አስተዳዳሪ ሆኖ አገለገለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ «ፍሮንቲየር ባታሊዮን» የተባለውን የሱዳን ሻለቃ ጦር አቋቍሞ እንዲያዝ ተጠራ።

ይህ ጦር ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ፣ በኦርድ ዊንጌት የበላይ አዛዥነት ጌዴዎን በተባለው ጦር ውስጥ ተሰለፈ። ዊንጌት በስሙ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የቆመለት ያው እንግሊዛዊ ነው። የጌዴዎን ጦር ከሁለት ሺህ አይበልጥም ነበር፤ በጐጃም የነበረው የጣሊያን ጦር ግን ከእርሱ ብዙ እጥፍ ይበዛ ነበር። ጦሩ ከበለያ ተራራ ተነሥቶ የመተከልን ዳገት ወጥቶ ወደ እንጅባራ ሲመጣ፣ ስንቁን የተሸከሙት የቆላ ግመሎች የደጋውን ብርድና ዳገት አልቻሉም፤ በሺህ የሚቈጠሩት በመንገድ ላይ ወድቀው ቀሩ። የካቲት 25 ቀን ጣሊያን ቡሬን ለቀቀች፤ መጋቢት 28 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

በዚህ ዘመቻ ቡስቴድ ሁለት ነገር አገኘ። የመጀመሪያው፣ ሥፍራቸውን ያልለቀቁ ሰዎችን ነው። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ሌሎችም የጐጃም አርበኞች፣ ከእነርሱም ጋር ስሙ ያልተጻፈው ገበሬ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ከውጭ ረዳት ሳይመጣላቸው በዱር ቆይተዋል። ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ከአዛዥ ከበደ ተሰማ ጋር በነሐሴ ወር 1932 ዓ.ም. ድንበር ተሻግሮ ወደ ጐጃም ሲመጣ፣ ትግሉን የጀመሩት እርሱና ጓደኞቹ አይደሉም፤ ሲነድ የቆየ እሳት አገኙ እንጂ። ይህ እሳት ባይጠበቅ ኖሮ የጌዴዎን ጦር ለብቻው ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ሥፍራን ጠብቆ መቆየት ያለውን ጉልበት የሚያስረዳ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የለም።

ሁለተኛው ነገር ከራሱ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ቡስቴድና ዊንጌት ብዙ ጊዜ አልተስማሙም። በጦር አመራርም በሰው አያያዝም አሳባቸው ይለያይ ነበር፤ ቡስቴድም አለቃውን አይወድም ነበር። ነገር ግን የሃያ ዓመቱ ወጣት ያደረገውን የአርባ አምስት ዓመቱ ኮሎኔል አላደረገውም። እየተከራከረ ሻለቃውን ይዞ እስከ ደብረ ማርቆስ ዘመተ።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ከሱዳናውያን ወታደሮቹ አንዱ በበለያ የስንቁን ክምችት እንዲጠብቅ ታዝዞ ሳለ፣ «ጓደኞቼ በቡሬ ሲሞቱ እኔ ለምን ዱቄትና ግመል እጠብቃለሁ?» ብሎ ጥበቃውን ትቶ ወደ ጦሩ ግንባር ሮጦ ቢመጣ፣ ኮሎኔሉ ምን ሊለው ይገባ ነበር? ልቡ ይህን ወታደር ሊወደው ይችላል፤ ራሱን በልጅነቱ ያይበታልና። ነገር ግን አዛዥ ነው። ስንቁ ቢሰረቅ ቡሬ ላይ ያለው ጦር ሁሉ ይራባል። ስለዚህ ሊቀጣው ይገባል፤ ከቀጣውም በኋላ፣ በደኅና ቢዋጋ፣ ሊምረው ይችላል። «እኔም እንዲህ አድርጌ ነበርና አንተም አድርግ» ብሎ መተው ግን አይገባውም። አንድ ሥራ መልካም መሆኑን ለማወቅ፣ ሥራውን ራስህ እንዳደረግኸው ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው በአንተ ላይ እንዳደረገውም አድርገህ መርምረው።

ይህ ነገር ለወታደር ብቻ የተነገረ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል። ትምህርቱን ጨርሶ አዘና ላይ የተመደበ አንድ ወጣት አስተማሪ በልባችን እንሣል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጓደኞቹ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ሆነው ስለ ታላላቅ ነገር ይናገራሉ። እርሱ ግን በየማለዳው ለሕፃናት ፊደል ያስቈጥራል። አንድ ቀን «አገሬን በሚበልጥ ሥራ ላገልግል» ብሎ ይነሣል። ምናልባት እውነቱን ነው። ምናልባት ግን የሚበልጥ ሥራ ያለው የሚበልጥ ምቾትን ነው። ሰው ሌላውን ለማታለል ብዙ ድካም ያስፈልገዋል፤ ራሱን ለማታለል ግን አንድ መልካም ቃል ይበቃዋል።

እንዲህ ያለው ወጣት ራሱን በቡስቴድ ስም ከማጽደቁ በፊት የቡስቴድን ዋጋ ይጠይቅ። ደመወዜ ቢቀነስ፣ ማዕርጌ ቢወርድ፣ የሚያመሰግነኝ ባይኖር፣ አሁንም እሄዳለሁን? አዎን ቢል፣ ልቡ ንጹሕ መሆኑን በመጠኑ አወቀ። ይህም ሆኖ ገና አልጨረሰም። መሄዱ መልካም ቢሆን እንኳ አካሄዱ መልካም ሊሆን ይገባል። አለቃውን ያስፈቅድ፤ ተተኪው እስኪመጣ ይታገሥ፤ መጽሐፉንና ቍልፉን ያስረክብ። እንደዚህ የሄደ ሰው ተሰናበተ ይባላል እንጂ ኰበለለ አይባልም።

ከዚህም ሁሉ በኋላ አንድ የመጨረሻ ፈተና አለ። የምትሄድበትን ምክንያት ለራስህ ብቻ አትንገር፤ የምትተዋቸው ሰዎች ፊት ቆመህ በአፍህ ንገራቸው። አስተማሪው ለተማሪዎቹ፣ ሐኪሙ ለሕመምተኞቹ፣ ጠባቂው የእርሱን ተራ ለሚቆመው ጓደኛው ይናገር። ምክንያቱ ቀና ከሆነ እነርሱም እያዘኑ ይመርቁታል። በፊታቸው ሊናገረው ካፈረ ግን፣ ያ ኀፍረት የሚነግረውን ይስማና ወደ ሥራው ይመለስ። ቡስቴድ ምንም ጀግና ቢሆን፣ በ1915 ዓ.ም. ሃያሲንትን ሲተው በእርሱ ፈንታ ለሚቆመው ሰው ተናግሮ አልሄደም። ከጀግንነቱ ልንማር ብንወድ፣ ይህን ያጐደለውንም አብረን እንማር።